ኮኮናት አይተከልም

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። በሃያኛው ዓመት ምን እንደሚሆን ግን የተናገረ የለም። አሎይስ ያውቀዋል፤ አመድ ነው። የባሕር ዳርቻዋ የቦጊያ ሰዎች እንደ አሎይስ በተፈናቃዮች መጠለያው ያሉትን የማናም ደሴት ሰዎች «እነ አመድ» ነው የሚሏቸው። ተራራቸው እሳት ተፍቶ ደሴቷን አመድ ሲያለብሳት፣ መንግሥት በመርከብ አምጥቶ እዚህ ዳርቻ ላይ አራግፏቸው ቀረ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የአሎይስ አባት በታንኳ ትምባሆና ለውዝ ጭኖ ሲሻገር፣ የዛሬው የመሬቱ ባለቤት የብላሲዮስ አባት አሳማ አርዶ ነበር የሚቀበለው። ወዳጅነቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ወረደም፤ አሳማው ግን ቀረ።

በመጠለያው ስኳር ድንችና ካሳቫ ይተከላል፣ ዛፍ አይተከልም። ስኳር ድንች ተበልቶ ያልቃል። ኮኮናት ግን ቆሞ ይመሰክራል፤ በዚያ አገር ዛፉን የተከለ መሬቱ የኔ ነው ይላል፣ ይሰማለታልም።

አሎይስ ይህን ሕግ ሲያከብር አረጀ። ሕጉን ያፈረሰው ሴት ልጁ ኦቲሊያ ወንድ ልጅ በተገላገለች ሰሞን ነው። የማናም ልጅ እትብቱ የሚቀበረው ከበቀለ ኮኮናት ሥር ነው። እትብቱ ያልተቀበረ ልጅ ደግሞ ነፋስ የሚገፋው ቅጠል ነው። አሎይስ ከጎጆው ጀርባ ቆፍሮ እትብቱን ቀበረ፣ ኮኮናቱን ተከለ፣ ደረቅ ቅጠል ጣል አደረገበት። ኮኮናት በቅጠል ሊደብቅ!

ብላሲዮስ ገጀራ ከያዙ ሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣ።

«ሽማግሌው፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ኮኮናት ነው። ዓይንህ ደከመ እንዴ?»

«ዛሬ አንድ፣ ነገ ሰልፍ ታስይዙታላችሁ። ከነገ ወዲያ ልጆቼን ከመሬታችን ውጡ ልትሉ!»

አሎይስ እውነቱ የሚያድነው መሰለው። «መሬትህን አልፈለግኩም። ከሥሩ ያለው የልጅ ልጄ እትብት ነው።»

ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። ሊነቅል ያጎነበሰው ብላሲዮስ ቀና አለ። የሚያኝከውን ቡዋይ የሚሉትን ፍሬ ቀይ ምራቅ ተፋ።

«ዛፍ ብቻ ቢሆን ነቅዬ እሄድ ነበር እኮ! እትብቱ እዚህ ከተቀበረ ልጁ የዚህ አፈር ልጅ ሊሆን አይደል?»

«የት ልቅበረው ታዲያ? አየር ላይ?»

«ማናም!»

«ማናም ይጤሳል።»

«እሱን ከተራራህ ጋር ተነጋገር።» ወንድሞቹ ሳቁ። «የሰው እትብት እኔ አልነካም። በእጅህ አውጣው። አለዚያ የእነ አመድን ማሳ በሙሉ ዛሬውኑ እንመነጥረዋለን።»

«አባትህ ለአባቴ አሳማ ያርድ ነበር።»

«አባትህ በማግስቱ ታንኳውን ገፍቶ ይመለስ ነበር።»

አሎይስ ዶማውን አነሳ። ጎረቤቶቹ በየደጃቸው ቆመው ያዩታል። እትብቱን ካላወጣ የነገ እራታቸው ይመነጠራል። ማን እንዴት እንዳየው ግን አንድ በአንድ ልቡ ውስጥ አስቀመጠ፣ እንደ ወትሮው።

ቆፈረ። አንድ ቢጫ ጀሪካን አንገቱን ቆርጦ፣ ውሃ እንዲያሳልፍ ታቹን በስቶ፣ አፈሩንም እትብቱንም ኮኮናቱንም ጨመረበት።

«ይሄስ?» አለ ብላሲዮስ።

«ይሄ አልተተከለም። ተቀምጧል። እንደኛ።»

ብላሲዮስ ጀሪካኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ አየው። ተንቀሳቀሰ። «ሥሩ መሬት ከነካ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አሎይስ ፊቱን ሳይታጠብ በፊት ጀሪካኑን ያነሳል። ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ መሬት እንዳይዝ፣ ከነበረበት ያዛውረዋል። ኮኮናቱ በከበደ ቁጥር ወገቡ ይጮህበታል።

አንድ ጠዋት ኦቲሊያ ልጇን ታቅፋ ስታየው ቆየችና፣ «አባዬ፣ ሲያድግ እትብትህ የት ተቀበረ ብለው ቢጠይቁትስ? ምን ይበል?» አለችው።

አሎይስ ጀሪካኑን አቅፎ ቆመ። አፈሩ ላይ የቀረውን ክብ ምልክት በአገጩ አሳያት።

«ትናንት እዚያ ነበር ይበላ» አለና፣ የዛሬውን ቦታ ፍለጋ ሄደ።