በመስታወት የገባች ፀሐይ

ለብርዱ ወራት የተኛ እንሽላሊት ጣቱ አይንቀጠቀጥም። ይህ ለብሮንዊን የገባት ሐሙስ ጠዋት፣ እንሽላሊቱን በሳጥኑ ውስጥ ካለው ግንድ ሥር አውጥታ መዳፏ ላይ ስታስቀምጠው ነው። የኋላ እግሩ ጣት ሲንቀጠቀጥ ግን ካየችው ሰንብታለች። ምንጣፍ ስትጠርግ ዓይኗ ገብቶ፣ ሕልም እያየ ይሆናል ብላ አልፋው ነበር። አሁን የታች መንጋጋው በአውራ ጣቷ ሥር እንደ ሊጥ ገባ አለ።

ስሙ ቢስኩት ነው። ጢማም እንሽላሊት፣ ሲቆጣ የአንገቱን እሾሃማ ቆዳ ነፍቶ እንደ ጢም የሚያጠቁር። ስሙን ያወጣችለት ልጇ ታምሲን ናት። በደቡቡ የምድር ክፍል፣ ከሚልዱራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከወይን እርሻዎቹ ጥግ፣ እናትና ልጅ ብቻ በሚኖሩበት ቤት ሦስተኛው ነፍስ እሱ ነበር። ታምሲን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለእናቷ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት ለእሱ ትሰጥ ነበር።

ብሮንዊን ክፉው ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። በሙቀቱ ወራት ከልብስ ማጠቢያው ሥር እባብ ትፈልጋለች። ልጇ ወንዝ የወረደች ቀን ስልኩን ከእጇ አታወርድም። የጋዙን መዝጊያ ደግማ ሳትነካ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰው ይስቅባታል፤ ታምሲንም "እማዬ ደግሞ ጀመረች" ትላለች። እንሽላሊቱ የመጣ ሰሞን እንደ ልማዷ ፈርታ፣ ሻጩ ያዘዛትን የፀሐይ ጨረር የሚሰጥ አምፖል ገዝታ አብርታለት ነበር። አምፖሉ ሲቃጠል ሌላ ልትገዛ ስትነሳ ያስቀራት ጎረቤቷ መርቭ ነው።

መርቭ ዕድሜውን በወይን እርሻ የጨረሰ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ሳይጠሩት አጥሩ ላይ ተደግፎ ምክር የሚያድል ሽማግሌ ነው። ክፋት የለበትም።

"ብሮን፣ ይሄ እኮ የኛው አገር ፍጥረት ነው" አላት። "አጥሬ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚውለው። በዚህ አገር ፀሐይ መግዛት ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ እንደ መበደር ነው። ሳጥኑን ፀሐይ ወደሚገባበት የሰሜኑ መስኮት አስጠጊውና ተገላገይ።"

እሷ ግን በሰው ቃል ብቻ የምታምን አይደለችምና በስልኳ የእንሽላሊት አሳዳጊዎችን ማኅበር ጠየቀች። እነሱም ያሉት ያንኑ ነው፤ እንዲያውም መስኮት ሥር የተዘረጉ እንሽላሊቶቻቸውን ፎቶ ላኩላት። ሳጥኑን አስጠጋችው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በመስታወት እየገባች ጀርባውን ታሞቀዋለች፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይሞቃል። ለሚያየው የሚያስቀና ኑሮ ነበር።

ግንቦት ላይ የዚያ አገር ብርድ ሲገባ ቢስኩት ፌንጣ መብላት ተወና ከግንዱ ሥር ገብቶ ተኛ። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ ዱር ያሉትም ብርዱን ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው ነው የሚያሳልፉት። መርቭ እንዳትቀሰቅሰው አደራ አላት። ማኅበሩም እንዲሁ። አንድ ቀን ግን የጅራቱ ሥር ሟሽሾ ብታይ፣ ከሳብኝ ምን ላድርግ ብላ ጻፈች። አንዲት ሴት "ተኝቶ የሚወፍር አይተሽ ታውቂያለሽ? ይልቅ አንቺ ትንሽ ተኚ" ብላ መለሰችላት፤ ስንቱ ሳቀባት። ብሮንዊን አፈረች። አንዴ እንኳ እንደ ሰው ልሁን ብላ ፍርሃቷን ዋጥ አደረገችው።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ታምሲንን ትምህርት ቤት ከሸኘች በኋላ ነው ሳጥኑን ልታጸዳ ብላ እንሽላሊቱን ያነሳችው። በፎጣ ጠቅልላ ወደ እንስሳት ሐኪም ከነፈች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ብዙ አላወራችም። ራጅ አንሥታ አሳየቻት። አጥንቶቹ ጢስ ይመስሉ ነበር፤ ጀርባው ላይ አንድ ስብራት አለ። ብሮንዊን ፀሐይ ሲሞቅ እንደሚውል ነገረቻት።

"ውጭ አውጥታችሁት?"

"አይ፣ መስኮት ሥር።"

ሐኪሟ መስታወት ሙቀቱን ቢያሳልፍም አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር እንደሚያስቀር በቀስታ አስረዳቻት። የተኛ መስሎ የከረመውም መነሳት አቅቶት ነው አለች።

"ይድናል?"

"እንሞክራለን። ተስፋ ግን አልሰጥሽም።"

እዚያው ትታው ተመለሰች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ለታምሲን የምትነግራትን ስታሰናዳ ቆየች፤ ከዳነ ምን እንደምትል፣ ካልዳነ ምን እንደምትል። ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ። ሐኪሟ ናት፤ ልቡ ቆሟል።

ታምሲን ስትመለስ እናቷ ከሐኪሟ ዘንድ ያመጣችው አስከሬን በጫማ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላለቀሰችም። ክፍሏ ገብታ ቆይታ ስልኳን ይዛ ወጣች። ማኅበሩ ውስጥ አንድ ሰው፣ የኔም ሞቷል ተብሎ ነበር፣ ሲተኙ ልባቸው አይሰማም፣ ሙቀት ስጡትና ጠብቁ፣ ብሎ ጽፎላታል። የሙቅ ውሃ ላስቲክ ሞልታ ከጎኑ አስገባች፣ ካርቶኑን አቀፈች፣ የጓሮው በር ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እናቷ የሐኪሟን ቃል ብትነግራት አልሰማቻትም። ፀሐይ ጠለቀች። ብሮንዊን በሩን ከፍታ እንደቆመች ብርዱ ወደ ቤት ይገባ ነበር።

ይሄኔ መርቭ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። ነገሩን ሲሰማ፣ እውነት ነው የኔ ቆንጆ፣ እንደ ድንጋይ ደርቀው ይነሳሉ፣ አላት። የልጅቷ ፊት በራ። ብሮንዊን ያንን ብርሃን ስታይ ከበሩ ወጥታ ወደ አጥሩ ተጠጋች።

"መርቭ" አለች፣ "ቤትህ ውስጥ ስንት አሳድገሃል?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ከነሱ ጋር አይደል እንዴ የኖርኩት።"

"ቤትህ ውስጥ ነው ያልኩህ።"

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አዞረው። "ቤት ውስጥ... አንድም። አጥር ላይ ነው የማያቸው።"

"ሞቶ የተነሳስ አይተሃል?"

"ሲሉ ነው የሰማሁት።" ወደ ታምሲን ዞረ። "አላውቅም፣ የኔ ልጅ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም።"

መርቭ ከሄደ በኋላ ልጅቷ የካርቶኑን ክዳን ከፈተች። ጣቷን መንጋጋው ላይ አሳረፈችና እንደተቃጠለ ሰው መልሳ ሰበሰበችው። ላስቲኩን አውጥታ ውሃውን ሣሩ ላይ ደፋችው። ካርቶኑን እዚያ ቢተዉት ሌሊት ቀበሮ ይወስደዋልና፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ከሎሚው ዛፍ ሥር ቆፍረው ቀበሩት። መሬቱ ጠጥሮ ነበር።

ታምሲን አፈር የነካ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ወደ ቤት ስትገባ ደፉ ላይ ቆመች።

"አንቺ ሁሉን ትፈሪያለሽ አይደል?" አለች፣ ሳትጮህ። "እባብ ትፈሪያለሽ፣ ወንዝ ትፈሪያለሽ። ይሄን ብቻ ለምን አልፈራሽልኝም?"

ልጅቷ ክፍሏ ገባች። እናትየዋ ተከትላት ገብታ ከደፉ ላይ ወደ ጨለማው ጓሮ አየች። በሩን ገፋችው፣ ቁልፉንም እስከ መጨረሻው አዞረችው።