የተጠሙት ባቄላዎች

ልጅቷን ቤተሰቡ «ለምንዬ» ይላታል፤ አፏን የፈታችው በጥያቄ ነው ብለው። ዘንድሮ ጥያቄዋን የሚወድላት ሰው አገኘች። አንዲት ተመራማሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው እየመጣች፣ «መልሱን እኔም አላውቀውም፤ ፈልጋችሁ ንገሩኝ» ትላለች። አስተማሪ «አላውቅም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጥናቱን በወጉ የጨረሰ ተማሪ የእረፍቱን ወራት በእሷ ቤተ ሙከራ ይሠራል። ለምንዬ ይህን ስታስብ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

እሷና ጓደኛዋ የያዙት ጥያቄ ባቄላ ምን ያህል የውሃ ጥም ይችላል የሚል ነበር። በጣሳ ዘርተው ግማሹን አጠጡ፤ ግማሹን እንዲጠማ ተዉት። ትምህርት ቤቱ ለእድሳት ሲዘጋ ጣሳዎቹ ወደ ለምንዬ ቤት፣ መስኮት ሥር ተዛወሩ።

ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ጣሳዎቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ ጉድ ታየ። የተጠሙት ከጠጡት እኩል ለምልመዋል!

«በቃ፣ ባቄላ ውሃ አያስፈልገውም!» አለ ጓደኛዋ እየዘለለ። «ስማችን መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው!»

ለምንዬ ግን ሆዷ አልቆረጠም። ቤት ስትገባ አክስቷ ልብስ ታጣጥፋለች።

«አክስቴ፣ ጣሳዎቹን ነክተሻል እንዴ?»

«ታዲያስ! አንዱን እያጠጣሽ ሌላውን ታስጎመጂዋለሽ? እኔ እያለሁ በዚህ ቤት ፍጡር በውሃ ጥም አይሞትም። አንቺ ስትወጪ ጠብ ጠብ አደርግላቸው ነበር።»

«ወይኔ አክስቴ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

«ባቄላው ይመርቀኛል፤ አንቺ ተቆጪ።»



በማግስቱ ነገሩን ስትነግረው የጓደኛዋ ፊት ጠቆረ። «ማን ያውቃል? ባቄላ እንደሆነ አፍ የለው! የምናቀርበው እኮ ዛሬ ነው። እረፍቱን ሙሉ ቤት ተቀምጠሽ ዝንብ ልታባርሪ ነው?»

እውነቱን ነው፤ ዝም ካለች የቤተ ሙከራው ቦታ በእጇ ነው። ግን ያን ሁሉ ስትጠይቅ ያደገች ልጅ፣ እንዴት የውሸት መልስ ትስጥ? ተመራማሪዋ ገና ከበሩ ስትገባ፣

«አክስቴ አጠጥታቸዋለች» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ተመራማሪዋም ሳቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምን ያህል አጠጧቸው?»

«ልቧ እንደፈቀደ።»

«እሱን መለካት ያስቸግራል።»

«እንግዲህ ጥናታችን ገደል ገባ ማለት ነው?» አለ ጓደኛዋ።

«ገብቷል። እንደገና ትዘራላችሁ።»

ለምንዬ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። «እስኪበቅል እኮ እረፍት ይገባል።»

«ይግባ እንጂ! እኔ ዘንድ መስኮት ሞልቷል፤ እዚያው መጥታችሁ ትዘራላችሁ። ያየውን ሳይደብቅ የሚነግረኝ ሰው ነው የቸገረኝ።»

ጓደኛዋ እንደገና ዘለለ። ለምንዬ ወደ ጣሳዎቹ ዞር ብላ፣ «እነዚህንስ ምን እናድርጋቸው?» አለች።

«ለአክስትሽ ስጫቸው። አሳዳጊያቸው እሳቸው አይደሉ?»

ለምንዬ ጣሳዎቹን ካርቶን ውስጥ ትደረድር ጀመር። ጓደኛዋ አንዱን አንስቶ አፈሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ቆይ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቺ ውሃ ጠምቷታል።»