እናቴ ዛሬ ጠዋት ተቆጣችኝ

«‹ቤታችን ሦስት ክፍል አለው፤ ሦስተኛው የጎረቤት ነው› ብሎ ጻፈልኝ አንዱ ተማሪ» አለ ጡረታ የወጣው መምህር፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ። «ሌላው ደግሞ፣ ‹ከልቤ የማመሰግነው ሌባውን ነው፤ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ አልጋውን ትቶልናል› አለ።»

ለቀስተኛው ሳቅ አመለጠው። ሐዘን ቤት ውስጥ መሳቅ ነውር ነው፤ ከመጣ ግን ማን ይመልሰዋል። የሟቿ ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ እነሱም ፈገግ አሉ። ሻይ የምታዞረው የሟቿ የወንድም ልጅ ብቻ ትሪውን እንደያዘች ቆም አለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች።

«ከሁሉ የማልረሳው ግን፣ ‹እናቴ› በሚል ርዕስ ጻፉ ብያቸው አንዲት ልጅ፣ ‹እናቴ የሞተችው እኔን ስትወልድ ነው። ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን ስታበጥረኝ ተቆጣችኝ› ብላ አታመጣም? ለክፍሉ አነበብኩት። ‹ሬሳ ነው እንዴ የሚያበጥርሽ?› ስላት ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።»

ያን ቀን ልጅቷ ቤት ስትገባ አክስቷ በር ላይ ነበረች። ገና በጨርቅ ሳለች ወስዳ ያሳደገቻት፣ አፏን «እማዬ» ብላ የፈታችባት ሴት።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንም አልሆንኩም፣ አክስቴ።»

ሴትየዋ ለምን «አክስቴ» እንዳለቻት አልጠየቀችም። በማግስቱም እንደ ወትሮው አበጠረቻት። «እማዬ» ግን በዚያው ቀረ።

ባለፈው ሳምንት አክስቷ በተኛችበት ሐኪም ቤት ነርሷ፣ «ልጃቸው ነሽ?» ስትላት እንኳ፣ «አይ፣ የወንድማቸው ልጅ ነኝ» አለች። በሽተኛዋ ነቅታ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷ ይህ ትዝ ባላት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች።

«ማን ነበረች ልጅቷ?» አለ አንድ ጎረቤት።

«እሱን እንጃ። ስንቱን አስታውሼ።»

«እኔ ነኝ፣ መምህር» አለች ሻይ የምታዞረው። «የምታበጥረኝም እሷ ነበረች።»

ሳቁ ቀጥ አለ። መምህሩ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«አፌን ቁርጥ ያርገው፣ ልጄ። አላወቅኩም።»

«እርስዎ የሳቁት አንድ ቀን ነው። እኔ እንዳይሳቅብኝ ብዬ፣ እስክትሞት ድረስ አክስቴ አልኳት።»

የሐኪም ቤቱን ግን ለመናገር አፏ አልደፈረም።

የሟቿ ሴት ልጅ ጠጋ አለችላት። እሷም ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ በወንድምና እህቱ መሀል ተቀመጠች። ወዲያው አንዲት አዲስ ለቀስተኛ ገብታ፣ «የእናታችሁን ነፍስ ይማር» እያለች የልጆቹን እጅ በየተራ ትጨብጥ ጀመር። ተራዋ ሲደርስ እሷም እጇን ዘረጋች።