ግማሽ ታንክ ለሙሽራዋ

አዲስ የሸክላ ድስት ሳይሟሽ ወጥ እንደማይሠራበት የማያውቅ አበሻ የለም። አዲስ ሞተርም ይሟሻል ሲባል ግን የሚስቀው ብዙ ነው። ማናህሎሽ ጁባ ላይ ይህን ሳቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ችላዋለች።

ጥቁሩ ጀርመን ሠራሽ መኪና ከሞምባሳ ወደብ ተጭኖ፣ በድንበሩ ከተማ በኒሙሌ በኩል አቧራ ለብሶ መጥቶ ቡሉክ ሰፈር ካለው ሆቴል በር ላይ ሲወርድ ቆጣሪው ላይ ያለው ዐሥራ አንድ ኪሎሜትር ብቻ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ሐጎስ፣ የሱዳኑ ሰላም በተፈረመ ማግስት በሦስት ድንኳን የጀመሩትን ቤት ፎቅ ያደረሱ ሰው ናቸው። በዕድሜያቸው ግን ከዚህ በፊት አዲስ መኪና ገዝተው አያውቁም። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከነላስቲኩ ለማናህሎሽ ሰጧት።

«አንብቢና የሚለውን አድርጊ» አሏት። «አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎሜትር እስኪሞላ መኪናው በእጅሽ ነው፤ ማንም አንድ ቃል አይናገርሽ። ያኔ ሹፌርነቱ ያንቺ ይሆናል።»

ይህ ለማናህሎሽ ቀላል ቃል አልነበረም። ከዚያ በፊት አራት ወር በዚሁ ሆቴል ጓዳ ሳህን ስታጥብ ነው የቆየችው። ከዚያም በፊት የአንድ ድርጅት ፒክአፕ ትነዳ ነበር። አንድ ቀን አለቃዋ ከመንገድ ዳር በርሜል ነዳጅ አስገዛና «ጨምሪ» አላት። ሽታው አላማራትም፤ ግን እሺ ብላ ጨመረች። ሞተሩ ከከተማ ሳይርቅ ተንጣጥቶ ቀረ። አለቃዋ ያዘዘውን ረሳ፤ ሹፌሯ ሴት እንደነበረች ግን የረሳ ሰው አልነበረም። ከሥራ ከተባረረችበት ቀን ጀምሮ ያንገበገባት የጠፋው ደመወዝ አልነበረም፤ ያቺ አንዲት «እሺ» ነበረች።

መጽሐፉ ብዙ አይጠይቅም። ሞተሩ በደቂቃ ከሦስት ሺህ ዙር በላይ አይጩህ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ አይረገጥ፤ በአንድ ፍጥነትም አይነዳ፣ ከፍ ዝቅ ይበል። የታንኩ መክደኛ ጀርባ ላይ ደግሞ 95 የሚል የቤንዚን ቁጥር ተለጥፏል። ይህን የጻፈው ሰው ጁባን አላያትም። የከተማዋ አስፋልት ገና ማርሽ ሳይሞቅ ያልቃል። ስለዚህ ማናህሎሽ ትዞራለች፤ ከቡሉክ ወደ ሚኒስቴሮቹ፣ ከዚያ ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሃይ ማላካል ሰፈር፣ ተመልሳ ወደ ቡሉክ። ቦዳቦዳ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂዎች ሲያዩዋት «ዛሬም መንገዱ ጠፋሽ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም ጡሩንባ ነፍታላቸው ታልፋለች።

ነዳጅ የምትቀዳው ሃይ ማላካል ማደያ ካለው ከረፊቅ ብቻ ነበር። ለውጭ ድርጅቶች ብሎ የሚያስመጣው ባለ 95ቱ ቤንዚን ውድ ስለሆነ ጠያቂው ጥቂት ነው። ቦቴ በገባበት ቀን አትቀዳም፤ ከታች የረጋው ቆሻሻ ይበጠበጣልና እስከ ማግስቱ ትጠብቃለች። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ታደርጋለች። ንጹሕ ቤንዚን በንኖ ይጠፋል፤ ላምባ የተቀላቀለበት የቅባት ክብ ትቶ ይደርቃል። ረፊቅ መጀመሪያ ላይ ሌባ የተባለ መስሎት ተቆጥቶ ነበር። በኋላ ራሱ ወረቀት አዘጋጅቶ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ዶክተራ!» እያለ ይቀበላት ጀመር።

የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ የጋሽ ሐጎስ ልጅ ሄቨን ታገባ ነበር። ቆጣሪው 1,187 ላይ ደርሷል። ከተማው ነዳጅ ካጣ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ የረፊቅ ማደያም በገመድ ታጥሯል። ታንኩ ግማሽ ነው። ግማሹ ለሠርጉ ይተርፍ ነበር፤ ችግሩ ልማዱ ነው። ጁባ ያለው አበሻ ነዳጅ አንዴ በሚገኝበት አንዴ በሚጠፋበት ከተማ ኖሮ ኖሮ የራሱን ወግ አውጥቷል። የሙሽራዋ መኪና ከደጇ ከመነሣቱ በፊት ሚዜዎቹ ታንኩን አፉ ድረስ ይሞሉታል። ሲሞላ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ቤታችሁ ይሙላ ማለት ነው።

አንደኛ ሚዜው አክሊል፣ ባንክ የሚሠራ ዘናጭ ጎረምሳ፣ በቀይ ሪባን ያጌጡ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አስይዞ ወደ ሆቴሉ ግቢ እየጨፈረ ገባ።

«ከየት ቀዳኸው?» አለችው ማናህሎሽ።

«ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሸሪካት ሰፈር፣ ከመንገድ ዳር። ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ነው፤ ዝም ብለሽ ክፈቺ!»

ጀሪካኑን ከፍታ አሸተተች። ሽታው ያው የዚያን ጊዜው ነው። ከመኪናው ውስጥ የሠርጉን መጥሪያ ካርድ አወጣችና ጀርባው ላይ ጠብ አድርጋ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ጭፈራው ቆመ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ካርዱን ያይ ጀመር። ቤንዚኑ በነነ፤ ነጩ ካርድ ላይ ወዛም ክብ ቀረ።

«ላምባ አለበት» አለች። «አይገባም።»

ሴቶቹ ያዘጋጁት እልልታ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። አክሊል ፊቱ ተለዋወጠ።

«በሰው ፊት ምርቃቴን ነው የመለስሽው፤ ገብቶሻል?»

«ምርቃትህን አልመለስኩም። ላምባህን ነው።»

ጋሽ ሐጎስ በሙሉ ልብሳቸው ላብ እያጠመቃቸው በእንግዶቹ መሀል መጡ። «ማናህሎሽ፣ ዛሬን አታዋርጂኝ። አንድ ጀሪካን ምን ያደርገዋል? ጨምሪ።»

ጨምሪ። ቃሏ ሳትቀር ያችው ናት። ማናህሎሽ ፈርታለች፣ ለምን ይዋሻል። በዚያ ሠርግ ቀን ጓዳው ውስጥ የሚቆለለው ሳህን ከነቅባቱ ታያት። ቢሆንም ጀርባዋን ለታንኩ መክደኛ ሰጥታ ቆመች።

«አልጨምርም ጋሽ ሐጎስ። ማንም አንድ ቃል አይናገርሽ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎንም ጨምሬ ነው የሰማሁት።»

«ምንም ሳይሆን ቢቀርስ? እንዲያው በከንቱ ብታዋርጂኝስ?»

«ላምባው ሳይገባ ቀርቶ ሞተሩ ምንም ካልሆነ፣ ልክ እንደነበርኩ ማንም አያምነኝም። ሥራዬ እሱ ነው።»

ጋሽ ሐጎስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሲቆጡ እንደዚያ ናቸው። «እንግዲያው ማታ ቁልፌን ታስረክቢያለሽ። ነገ ጓዳሽ ትገቢያለሽ።»

«ነገ እገባለሁ። ዛሬ ላምባ አይገባም።»

ሄቨን ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ከደጁ ወጥታ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ሙሽራው በዕውቀቱ ሊያስቀራት እጇን ቢይዝም ጎትታው መጣች።

«ማኒዬ፣ ግማሽ ታንክ የት ያደርሳል?»

«ኒሙሌ ያደርሳል።»

«እኔ የምሄደው እዚሁ ነጭ አባይ ዳር ድረስ ነው» አለችና ወደ አክሊል ዞረች። «አኩሻ፣ ልፋትህን አይቻለሁ፤ ምርቃትህንም ተቀብያለሁ። ሪባኑን ፍታና ስጠኝ። ቤቱን እኔና በዕውቀቱ እንሞላዋለን።»

ሪባኖቹን ራሷ የመኪናው መስታወት ላይ አሰረቻቸው። አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣትና እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

የሙሽራ መኪና አይቀደምም፤ ይህ ደግሞ ከታንኩም ወግ የቆየ ነው። እናም ሃያ ሁለት መኪና ከማናህሎሽ ኋላ ተሰለፈና መጽሐፉ በሚለው መሠረት ይሄድ ጀመር። አርባ ሲሉ ስድሳ፣ ስድሳ ሲሉ ሠላሳ አምስት። የጡሩንባው ጩኸት ከተማውን አናወጠው። አንድ ማዞሪያ ላይ አክሊል እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ «ሠርግ ነው ወይስ ቀብር?» ብሎ ጮኸ።

ማናህሎሽ መስታወቷን አወረደች። «ሞተር ማሟሸት ነው! ተከተል!»

ከኋላ ሙሽሮቹ እስኪያነቡ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ ቆጣሪው ላይ ነበር። የመጨረሻ ቀኗ ከሆነም በደንብ ልትነዳው ቆርጣለች።

ፀሐይ ስትጠልቅ መኪናውን ሆቴሉ ግቢ አቆመችው። ቆጣሪው 1,214 ይላል። ጓዳው በር ላይ ሳህኑ ተቆልሏል። ጋሽ ሐጎስ ከሠርጉ ድንኳን ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን። ከእንግዲህ እኔ ራሴ እነዳዋለሁ።»

ሰጠቻቸው። እሳቸው መሪው ጋ ሲቀመጡ ማናህሎሽ በወዲያኛው በኩል ዞረችና ከጎናቸው ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«ቁልፉ የእርስዎ ነው። የቀረው ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ኪሎሜትር ግን የኔ ነው። አልወርድም።»

ጋሽ ሐጎስ በራቸውን ዘጉ። አስነሥተው ከግቢው ወጡና ወደ ሚኒስቴሮቹ አቀኑ። መንገዱ ባዶ ሲሆንላቸው የቀኑን ንዴት ሁሉ እግራቸው ላይ አደረጉት። ሞተሩ ጮኸ፤ መርፌው ወደ ሦስት ሺህ ተንደረደረ።

«ይቀንሱ» አለች።

ዞረው አላዩዋትም።

«ይቀንሱ አልኩ፣ ጋሽ ሐጎስ!»

እግራቸውን አነሡ። መርፌው ወረደ። ኤርፖርቱ ድረስ በመጽሐፉ መሠረት ሄዱ፤ አርባ፣ ስድሳ፣ ሠላሳ አምስት። አደባባዩን ዞረው ወደ ሃይ ማላካል ሲታጠፉ ጋሽ ሐጎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሪው?»

«ዐሥራ ሁለት ተኩል። ለረፊቅ ቦቴ ከገባለት ግን አልቀዳም፤ እስከ ማክሰኞ እጠብቃለሁ።»

«ጠብቂ» አሏት።