አራት ዓመት የኖረ መንገድ

ቬልማ ሦስተኛውን የአሳማ ጭን የምታስቀምጥበት አጥታ የማቀዝቀዣውን በር እንደከፈተች ቆማለች። ባሏ ኤልደን የተቀበረው ትናንት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በየተራ ምግብ በፎይል ሸፍነው ያመጣሉ፤ ሳህኑ እንዳይጠፋባቸው ከሥሩ ስማቸውን ለጥፈውበታል። ከዚያ ሳሎን ይገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ስንዴውና ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ሁሉም እንዴት ነሽ ይሏታል፤ ደህና ነኝ ትላለች። በረዶው መውደቅ ከጀመረ ወዲህ እሱን ለማስታመም ሆስፒታል ስትመላለስ ስለከረመች፣ ከሐዘኑ ይልቅ የሚሰማት ድካሙ ነበር። ያማራት እንቅልፍ እንጂ ማጽናኛ አይደለም።

«እማዬ፣ ያ የመንገዱ ሰውዬ መጥቷል» አለቻት ልጇ ጆሊን። «ሳሎን ግባ ብለው እምቢ አለ።»

መርል በጓሮ በር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራ አንግቶ ከኤልደን ጋር የድሮውን መንገድ ፎቶ ሲያነሳ ነው የኖረው። የመጣበትን ነገር እየፈራ ተናገረ። በዚያ መንገድ ላይ ያለው የድሮው ድልድይ ነገ ጠዋት ሊፈርስ ነው። ኤልደን ከድልድዩ ላይ ሰው አቁሞ ፎቶ ሊያነሳ አስቦ ነበር፤ ሰው የሌለበት ፎቶ የነገሩን ትልቅነት አያሳይም ይል ነበርና። ሳያነሳው ታመመ።

«እርስዎ ቢቆሙልኝ ብዬ ነው» አለ መርል። «ካልሆነም ይቅር፣ ወይዘሮ ቬልማ። ቀኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ቬልማ ያንን መንገድ አትወደውም። አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ በዳሩ ትንሽ ሞቴል፣ የመንገደኛ ማደሪያ፣ ነበራቸው። ካንሳስን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መኪና ሁሉ በደጃቸው ያልፍ ነበር። በኋላ መንግሥት በደቡብ በኩል ሰፊ መንገድ ሠራና መኪናው ሁሉ በአንድ ቀን ጥሏቸው ሄደ። የአገሬው ሰው ሲያጉረመርም፣ ማባበያ እንዲሆን ለአሮጌው መንገድ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ 214 ተባለ። ኤልደን ደስ ብሎት ቁጥሩን በሞቴሉ ታፔላ ላይ በእጁ ቀባው። ቁጥር ያለው መንገድ አይሞትም አላት።

ቁጥሩ አራት ዓመት ቆይቶ ተሰረዘ። አንድ ቀን ሁለት ሠራተኞች ቁጥሩ የተጻፈባቸውን የመንገድ ምልክቶች ሊነቅሉ መጡ። ኤልደን አልተቆጣም። የተጠበሰ ዶሮ አበላቸው፤ በልተው ሲነሡ መሰላሉን ያዘላቸው። ሞቴሉን የቆለፈችው ቬልማ ነበረች። እሱ የእህል ጎተራ ተቀጠረ፤ እሷ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች።

ካረጁ በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቁርስ ቤት አንድ ወጣት፣ 214 የሚባል መንገድ ኖሮ አያውቅም፣ ካርታ ላይ የለም ብሎ ተከራከረ። የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ኤልደንም አብሮ ሳቀ። በሳምንቱ ካሜራ ገዛ። ከዚያ ወዲያ የየሰዉን ቤት እያንኳኳ የድሮ ፎቶ መለመን፣ የምልክት እንጨት የቆመበትን ጉድጓድ መፈለግ ሆነ ሥራው። ወጣትነታችንን የበላ መንገድ ቅዳሜያችንንም በላው ትል ነበር ቬልማ በልቧ። ከሁሉ የከፋት ግን አንድም ቀን አብረሽኝ ነይ አለማለቱ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ኮቷን ከማንጠልጠያው አወረደች።

«እማዬ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ የት ልትሄጂ ነው? ምን ይሉናል?» አለች ጆሊን።

«ያሻቸውን ይበሉ፤ ያሻቸውንም ይብሉ» አለቻትና ወጣች።

የመርል ፒካፕ አስፋልቱን ለቆ ኮረኮንቹን ያዘ። ሞቴሉ ከነበረበት ቦታ የቀረው ሳር የበቀለበት የሲሚንቶ ወለል ብቻ ነው። ቬልማ ፊቷን አላዞረችም። ካለፉት በኋላ ነው የተናገረችው።

«እኔን አንድም ቀን ነይ ብሎኝ አያውቅም። ካንተ ጋር ግን ቅዳሜ አምልጦት አያውቅም።»

«ለምን እንደማይጠራዎት ጠይቄው ነበር» አለ መርል። «‹በሩን የቆለፈችው እሷ ናት፤ ቁልፉን ካዞረች በኋላ ግንባሯን በሩ ላይ ስታስደግፍ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ እዚያ መልሼ አላቆማትም› አለኝ።»

ቬልማ መስኮቱን ዝቅ አደረገችው። ነፋሱ የአቧራና የእርጥብ ሳር ሽታ ይዞ ገባ።

የማፍረሻው ማሽን ከወንዙ ማዶ ተገትሯል፤ በአጠገቡ ሰው የለም። ድልድዩ ጠባብ ነው፣ ሲሚንቶው ተፈረካክሶ ብረቱ ወጥቷል። ሁለት መኪና እንዴት ይተላለፍበት እንደነበር ለማመን ያስቸግራል። ቬልማ አበጥ ባለው እግሯ ቀስ እያለች ሄዳ መሐሉ ላይ ቆመችና ዞረች። መርል ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አስተካክሎ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ጥሩ ነው፣ እንደዚያው ይሁኑልኝ» አላት።

እሷ ግን አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች።

መርል ቀና አለ። «ትንሽ ወደ መሐል ቢመለሱ፣ ወይዘሮ ቬልማ።»

«አይ፣ እንዲህ ይሁን» አለች። ቀኝ ክንዷንም አጠፍ አድርጋ፣ የኤልደን እጅ የሚገባበት ያህል ከጎኗ አራቀችው።