ዝም በል ያለው ማን ነው

ጄኔራሉ በበሩ ሲገቡ ለቅሶተኛው ሁሉ ብድግ አለ። የሟች ልጅ ብቻ ከወንበሯ አልተነሣችም። አክስቷ ክንዷን ቆንጠጥ አደረገቻት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ተነሺ እንጂ ልጄ፤ ትልቅ ሰው ናቸው» አለች አክስቷ በሹክሹክታ።

«ትልቅነታቸውን አጥቼው ነው? በየዓመቱ አስተምረው የለም እንዴ?»

እውነቷን ነበር። እሷ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ናት፤ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ከተማው ወንዝ የሚናገረውን ምዕራፍ የጻፉት ደግሞ እኚህ ሰው ናቸው። ምዕራፉ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ወንዙን የያዘ አገሩን ያዘ፤ ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው። የትኛው ንጉሥ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ምሽግ እንደ ሠራ፣ የትኛው ጦር ውሃውን አይቶ ሳይዋጋ እንደ ተመለሰ፣ መድፎቹ የሰጠሙበት ዓመት ሳይቀር ተራ በተራ ተጽፏል። አሥራ አንደኛው ገጽ ስለ መጨረሻው ጦርነት ይተርካል። እዚያ ላይ ያለችውን አንዲት ዐረፍተ ነገር ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ሳትደናቀፍ ትላታለች፦ «በመሻገሪያ ጀልባው ሠራተኛ ስሕተት ምክንያት አሥራ ዘጠኝ ጀግኖች በውሃ ተወሰዱ።»

መጽሐፉ የሠራተኛውን ስም አይጠራም። ከተማው ስለሚያውቀው መጥራትም አላስፈለገ። ያ ሠራተኛ አባቷ ነው። ከቀበሩት ዛሬ ሦስተኛ ቀን።

የጄኔራሉ ሹፌር ከራሱ የሚበልጥ የአበባ ጉንጉን ተሸክሞ ተከተላቸው። ጄኔራሉን ከሶፋው መሃል አስቀመጧቸው፤ ከፔርሙዙ ቡና ተቀዳላቸው። ጎረቤቱ በሙሉ እንዲህ በአንድ ጊዜ ትሕትና ሲወርድበት አይታ አታውቅም። እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸው አባቷን ለአርባ ዓመት «አሥራ ዘጠኙ» እያሉ የጠሩት። «አሥራ ዘጠኙ አለፈ፣ አሥራ ዘጠኙ ዳቦ ገዛ።» አሁን ሲሞት ምስኪን ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «ያ ነገር ሆዱን በልቶት ነው እኮ» ሲባባሉ ሰምታ ነበር። ማን አብልቶት እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ያ ወንዝ ከመጽሐፉ በፊት ዜማ ነበረው። አባቷ ከሰፊዋ የመሻገሪያ ጀልባ አፍንጫ ላይ ቆሞ ረጅም ዘንግ እያጠለቀ የውሃውን ልክ ይወስዳል። መሪውን የሚይዘው ጓደኛው ከኋላ ይቀመጣል፤ በከብቱና በጆንያው ተጋርዶ ፊት ለፊቱን ስለማያይ የሚሄደው በጆሮው ነው። ዘንጉ አሸዋ ሲነካ አባቷ አንድ ዜማ ያወጣል፤ አለት ሲነካ ሌላ። ከዜማው ጋር የቦታውን ስም ይጠራል። ስሞቹ ሁሉ ከጦርነት የተረፉ ናቸው። «ዘጠኝ ፈረስ» ከስንት ትውልድ በፊት ፈረሰኞች ያለቁበት አለት ነው። «መድፍ ዋጥ» ማጥ ነው። «የመበለቶች ደጅ» ከየውጊያው በኋላ ሬሳ ተንሳፍፎ የሚያርፍበት አሸዋ ነው። ስሙን የሰማ መሪ ጨባጭ ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል። ውሃው ጥልቅ ሲሆን ግን አባቷ ዝም ይላል። በእነሱ ሥራ ዝምታ «መንገዱ ደህና ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው። ከአባቶቻቸው የተረከቡት እንዲህ ብለው ነበር፤ ሌላ ትርጉም አያውቁም።

ታሪክን የወደደችው በነዚያ ስሞች ነው። ትንሽ ልጅ ሆና ዘንጉ ሥር ቁጭ ብላ ትሰማው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን አባቷ ጀልባ ላይ አልወጣም፤ ዜማም ከአፉ አልወጣም። ድልድይ ሲሠራ የድልድዩን አጥር የሚቀባ ሠራተኛ ሆነ። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ሌላው ጫፍ እስኪደርስ የመጀመሪያው ይዝጋል፤ ተመልሶ ይቀባል። ጡረታ የወጣው እንደዚያ ሲመላለስ ነው።

አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ስታርም አጠገቧ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። «ጀልባዋ የሰጠመችው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። አንዲት ተማሪ «ሠራተኛው ሥራውን ስለማያውቅ» ብላ ጽፋለች። መጽሐፉ እንኳ ይህን ያህል አልደፈረም። አባቷ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበና መልሶ አስቀመጠው።

«ይቺ ልጅ ጽሕፈቷ ያምራል» አለ። «ሙሉውን ስጫት።»

ሰጠቻት። ያን ዕለት የተናደደችው በእሱ ነው። ሰው እንዴት ስለ ራሱ አንዲት ቃል አይወጣውም? ጥፋቱ ባይኖርበት ኖሮ ይናገር ነበር ብላ ደመደመች፤ ከዚያ በኋላ ያችን ገጽ ስታስተምር ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ተወ። ዛሬ ይህን ስታስታውስ የገዛ እጇን መንከስ ያምራታል።

ነገሩን ያወቀችው ትናንት፣ በሁለተኛው ቀን ነው። ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት መሪ ጨባጩ፣ የአባቷ ጓደኛ፣ ከቀብሩ ጀምረው ከበሩ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ቡና ሲሰጧቸው እየመለሱ፣ ማንንም ሳያናግሩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ በእጃቸው ጠሯትና ልብስ ወደተሰጣበት ጓሮ ወጡ።

«ልጄ፣ መንገር የሚገባኝን አርባ ዓመት አሳደርኩት» አሉ።

ጎሕ ሲቀድ ነበር አሉ፤ ጉም ነበረ። ሃያ ስድስት ወታደር ጭነዋል፤ ጠላት ማዶ ነው። ጄኔራሉ ያኔ ሻለቃ ነው፤ ድምፅ ያሰማን ሰው እዚሁ እደፋዋለሁ አለ። አባቷ ሁለት ጊዜ ለመነው። እኔ ዝም ካልኩ መሪ ጨባጩ ቀጥል ያልኩት ይመስለዋል፤ ሥራችን እንደዚህ ነው አለው። ሻለቃው ዛሬ ዝምታ ማለት ዝምታ ነው ብሎ መለሰለት።

«ትእዛዙን እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «እጄ ግን አልሰማም። አባትሽ ዝም ባለ ቁጥር እጄ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ዘጠኝ ፈረስ ስንደርስ ዘንጉ አለት ነካ። ወታደሮቹ ስላጎነበሱ አባትሽና ሻለቃው ቆመው ይታዩኝ ነበር። አባትሽ ሊጮህ ወደ እኔ ዞረ። ያ ሰው ከኋላ አንገቱን ይዞ በመዳፉ አፉን ከደነው። ከዚያ አለቱ መታን።»

መርማሪዎቹ አንድ ጥፋተኛ ፈለጉ አሉ፤ ወይ ዘንግ ያዡን፣ ወይ መሪ ጨባጩን። ሻለቃው ዋኝቶ ወጥቷል፤ እሱን የሚጠይቅ የለም። «አባትሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ፈረመ። አንተ አራት ልጅ አለህ፣ እኔ ያለችኝ አንዲት ብቻ ናት አለኝ።»

አንዲቷ እሷ ናት። ለሽማግሌው ማዘን ነበረባት፤ አላዘነችላቸውም።

«እናንተ ዝም ስትሉ፣ ጋሼ፣ ውሸቱን ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለውን ሰው በዚያች ሰዓት ብታገኘው ወርቁን ታጎርሰው ነበር።

ለአክስቷ ነገረቻት። አክስቷ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት፣ የአባቷ ታላቅ እህት ናት። ሰማች፤ ብዙ ጊዜ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ የለቅሶ ቤት ነው ልጄ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሆድ ይፍጀው አለች። የእሱን ሆድ ፈጅቶ ጨረሰው እኮ ልትል ፈልጋ ተወችው።

አሁን ጄኔራሉ የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።  ስለ ወንዙ ተናገሩ፤ ስለ ጥንቱ ጀግንነት፣ ስለ ምሽጎቹ። ምዕራፉን በቃላቸው ነበር የሚያወርዱት።

«ሟች በአቅሙ አገሩን አገልግሏል» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ይሳሳታል። አገር ግን ልጇን ይቅር ትላለች። እኔም በበኩሌ ቂም አልያዝኩበትም።»

ቤቱ በሙሉ ተነካ። አንድ ሁለት ሰው ዓይኑን ጠረገ። ያኔ ልጅቱ ከወንበሯ ተነሣች፤ ሁሉም ልታመሰግን መሰለው።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ዕለት አባቴን ዝም በል ያለው ማን ነው?»

አክስቷ ቀሚሷን ሳበቻት። ልጅቱ አልተቀመጠችም።

ጄኔራሉ ጦርነት እንደነበር ተናገሩ። ያላየ ሰው ሊፈርድ እንደማይችል፣ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ መናገር ቀላል እንደሆነ አስረዱ።

«ጦርነት እንደነበር አውቃለሁ፤ መጽሐፉ ላይ አለ» አለች። «ዝም በል የሚለው ነው የሌለው።»

ሽማግሌው ከበርጩማቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ድምፃቸው ደህና ነበር።

«እኔ ሰምቻለሁ፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጅዎ አፉ ላይ ሲያርፍም አይቻለሁ። ያኔ አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።»

 ጄኔራሉ ሽማግሌውን ትኩር ብለው አዩ፤ ያወቋቸው መሰለ።

«አዎ፣ ብያለሁ» አሉ። «ዛሬም ቢሆን እላለሁ። ድምፅ ቢሰማ ሃያ ስድስታችንም እናልቅ ነበር።»

ይህ እውነት ሊሆን እንደሚችል ገባት። ሊሆን መቻሉ ደግሞ የባሰ አናደዳት። እውነት ከነበረ መጻፍ ምን ከበዳቸው?

«ምናልባት ልክ ነዎት» አለች። «እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት። ስሕተቱ በማን ተሳበበ?»

«መጽሐፉን ያጸደቀው ኮሚቴ ነው። በሚቀጥለው እትም እንዲታይ አሳስባለሁ።»

«ለሚቀጥለው እትም የሚሞት ሌላ አባት የለኝም።»

ከመሳቢያው አንድ ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። ስኒውን ገፋ አድርጋ ፊታቸው አስቀመጠችው። መቆጣቷን ሁሉም አየ፤ ለመደበቅም አልሞከረችም።

«አሁን በሰው ፊት ያሉትን ይጻፉልኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃኛል። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብለው ይፈርሙ። ሰኞ ክፍል ገብቼ ከገጽ አሥራ አንድ ቀጥሎ አነበዋለሁ።»

ጄኔራሉ የኮታቸውን ኪሶች ዳበሱ። የላይኛውን፣ የታችኛውን፣ ደግሞ የላይኛውን።

«መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ» አሉ። «ያለ እሱ ምንም አይታየኝም። ሌላ ቀን ረጋ ብለን...»

ሹፌሩ ላምጣ ብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ዓይናቸውን አይቶ ባለበት ቆመ። ለቅሶተኛው ሁሉ ወለሉን ያያል። አንዱ ሰው ሳለ። ልጅቱ፣ ይኸው ነው እንግዲህ፣ እንዲህ ነው የሚያመልጡት አለች በልቧ።

ያን ጊዜ አክስቷ ከጎኗ ተነሣች። ከትናንት ጀምሮ ዝም በይ ያለቻት፣ አሁን ቀሚሷን የሳበቻት አክስቷ። የራሷን መነጽር ከዓይኗ አወለቀች። እንባ አጨናብሶት ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ አንዱን መስተዋት ወለወለች፣ ሌላውንም ወለወለች፣ ወደ ብርሃኑ አንሥታ ልታየው ሞከረች፤ አልታያትም መሰል ደግማ ወለወለችው። ከዚያ ወደ ሶፋው ሄዳ ጎንበስ አለችና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«በዚህ ይሞክሩት፣ ጌታዬ» አለች። «እስኪጨርሱ ድረስ እኔ የማየው ነገር የለኝም።»