የትርሲት ጋላክሲ የቤት ስም

፩

አልለቅ አለኝ።

፪

ምኑ? ትሉኝ ይሆናል። የልጅ ልጄ ትርሲት ሰማይ የምታጠናበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ነጠብጣብ ነዋ! በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ምራቅ አስነክቼ ፈተግሁት።

«እማማዬ፣ ተይው! ልትሰብሪው ነው!»

«ቆሻሻ ነው እኮ፣ ልጄ!»

«አይደለም፣ እሱ...» አለችና ተጠግታ አፈጠጠችበት። ለካ እሷም ቆሻሻ እየመሰላት ስታልፈው ነው የከረመችው።

፫

ጋላክሲ።

፬
ጠባይዋ፣ ትርሲት እንደነገረችኝ (በቅንፍ ያለው የእኔ ነው)

እንቁላል ትመስላለች። (ይሁን።)

እንደሌሎቹ የተጠማዘዘ ክንድ የላትም። (ምስኪን!)

ከዋክብቷ ያረጁ፣ ቀላ ያሉ ናቸው። ጋዟ ስላለቀ አዲስ ኮከብ መውለድ ትታለች። (ጋዝ ማለቁ እኛም ቤት አለ።)

እዚህ የደረሰችው ጎረቤቶቿን እየዋጠች ነው። (!!!)

፭

በመዝገብ የምትጠራው በቁጥር ነው። የቤት ስም ግን ያገኛት ሰው ያወጣላታል።

«ወለላ ልላት ነው» አለች ትርሲት። ወለላ እኔ ነኝ።

«ያረጀች፣ መውለድ የተወች፣ ጎረቤት የምትውጥ... እኔን ነው?»

«ትልቅና የተረጋጋች ናት እኮ!»

«እኔ መቼ ተረጋግቼ አውቃለሁ?»

የፈራሁት ግን ሌላ ነው። ሐሙስ በምሁራን ፊት ልታቀርባት ነው፤ ካልተቀበሏት አትመረቅም። ጋላክሲዋ ለትርሲት በኩር ልጇ ማለት ናት። በኩር ደግሞ ዓይን ይበላዋል። እኛ ቤት ለሚሳሳለት ልጅ አስቀያሚ ስም ይወጣለታል። ወንድሜን «ጉድፍ» ብለው አሳደጉት፤ ይኸው ሽበት አበቀለ።

፮
መመሪያ

አታድንቋት። አሁን በልባችሁ «ስታምር!» ያላችሁ ካላችሁ፣ እንትፍ በሉ። እጠብቃለሁ።



አላችሁ? ጎሽ።

፯

ሐሙስ። ከፊቴ የተቀመጡት የትርሲት መምህር ሥዕሉን አይተው «ይቺማ እንዴት ውብ ናት!» አሉ።

ማን ይቀድመኛል! «እንትፍ! እንትፍ!»

መላጣቸው ላይ።

አዳራሹ ሙሉ ምሁር ወደ እኔ ዞረ። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ገደልኳት፣ አልኩ በልቤ፤ ዓይን ሳይበላት እኔው በላኋት።

መምህሩ መሐረብ አውጥተው ጠረጉና ዞሩ።

«አሜን፣ እማማ። እናቴም እንዲህ ታደርገኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ትርሲት መለስ አሉ፤ «ሥራሽን ተቀብለናል። ለመሆኑ፣ ስሟን ማን አልሻት?»

ትርሲት አየችኝ። ከንፈሯ «ወ...» ሊል ሲል ብድግ አልኩ።

፰

እዚህ አልጽፈውም። ክፉ ዓይን ማንበብ ይችላል። እናንተው ሙሉት። አደራ፣ አስቀያሚ ይሁን።

«ስሟማ                         ነው!»